የፌሪስ ኮይል የልጅ ልጅ

ዴልበርት ስቱኪን የሰደቡት ሚስዝ ኦገስታ ፔልሃም ናቸው። ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት ኖቬምበር አሥራ አንድ፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰዓቱን እስከ ደቂቃው የሚያውቀው፣ ሴትዮዋ ተናግረው ሲጨርሱ የማንንም ዓይን ላለማየት ብሎ የግድግዳው ሰዓት ላይ ስላፈጠጠ ነው። የሃርዊክ ከተማ የመሥራች አባቶች ዘር ማኅበር በየዓመቱ በዚያ ቀን ዘማቾችን ሰብስቦ ምሳ ያበላል፤ የትምህርት ቤት ልጆችም መጥተው ዘማች ምን እንደሚመስል ያያሉ። ሚስዝ ፔልሃም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። በግራ እጃቸው የዶሮ ሰላጣ የተቆለለበት ሳህን ይዘው፣ በቀኛቸው የዴልበርትን ትከሻ ቸብ ቸብ እያደረጉ፣ «ይሄ ደግሞ ዴልበርት ነው፤ ቬትናም ውስጥ ብዙ ተኩሷል» አሉ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩት ጊዜ «ሸሚዝ» ብለው ጨመሩ። «ልብስ ነበር የሚያጥበውና የሚተኩሰው። እሱም ያስፈልጋል እኮ ልጆች፤ የቆሸሸ ጦር የት ይደርሳል?» ልጆቹ ሳቁ፣ አስተማሪያቸው ሳቀች፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሮስኮ ትሪምብል እንኳ ሳቀ። ዴልበርት አሥራ አራት ወር ሎንግ ቢን በሚባለው የጦር ሠፈር ውስጥ ያጠበው ከጦር ሆስፒታሉ በጆንያ የሚመጣውን ነው፤ ከኪሱ ደብዳቤና ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም ጥርስ የሚወጣበትን ልብስ። ይህን ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ያን ቀንም ሰላጣውን በላ፣ አመሰግናለሁ አለ፣ ወጣ። ደግሞ በዕድሜ አምስት ዓመት ይበልጣቸዋል። እሳቸው አንተ ይሉታል፣ እሱ እርስዎ ይላቸዋል፤ ይህንንም አልረሳውም።

ሁለተኛ የእነዚያን የማኅበር ሴቶች ደጃፍ አልረግጥም ብሎ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ግን ከጧቱ አንድ ሰዓት ተነስቶ፣ ጢሙን ሁለት ጊዜ ተላጭቶ፣ በካናቴራ ወጥ ቤት ተቀምጧል። ቤቱ ሳህን ፋብሪካው በነበረበት ሠፈር ያለ የእንጨት ቤት ምድር ቤት ነው፤ ኪራዩ በማርች ስድስት መቶ ሃምሳ ገብቷል፣ ጣሪያው ግን ገንዘቡ ስለጨመረ ማፍሰሱን አልተወም። የልጅ ልጁ ሸልቢ ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ አንጥፋ ትተኩሳለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ቤት ነች፤ እናቷ ሬኔ የመዋኛ ገንዳ ከሚሸጥ ሰው ጋር ታምፓ ከሄደች በኋላ፣ መጀመሪያ ከሚስቱ ከዋንዳ ጋር፣ ዋንዳ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ዴልበርት ብቻውን ነው ያሳደጋት። ሬኔ መደወል አለመደወሏን ሁለቱም አይጠያየቁም። ስልኩ ሲጮህ ሸልቢ ቀና ትላለች፣ ዴልበርት ዝቅ ይላል፤ የሚደውለው ሁልጊዜ የመኪና ዋስትና የሚሸጥ ሰው ነው።

«እንቁላል አራት ከሃያ ገባ» አለች ሸልቢ፣ ዓይኗን ከካውያው ሳታነሳ።

«ዶሮዎቹም ማኅበር አቋቁመው ይሆናል።»

«አባባ፣ ዛሬ እንዲህ አትናገር። ክራባቱን ታደርጋለህ አይደል?»

«ክራባት ለሬሳ ነው።»

«ለእኔ ብለህ።»

አደረገ። ለእሷ ብሎ ብዙ ነገር አድርጓል፤ የዛሬው ግን ከክራባቱም ይብሳል። ሸልቢ ዕቃው ሁሉ ርካሽ የሆነበት ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት፣ ስምንት ሰዓት ቆማ ትውላለች፣ ማታ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ የሰውነት ክፍሎችን ስም ታጠናለች። የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። የመጀመሪያውን ክፍያ እስከ ሰኞ ካላስገባች ግን ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ ደብዳቤው ማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈ አርባ ቀኑ ነው፣ ሁለቱም ወተት ባወጡ ቁጥር ያነቡታል። የመሥራች አባቶች ዘር ማኅበር ለዘማች የልጅ ልጅ በየዓመቱ የሚሰጠው የትምህርት ድጎማ አለ። ሸልቢ አመለከተች፣ የዴልበርትን የጦር ሠራዊት ስንብት ወረቀት አያያዘች፤ ባለፈው ሳምንትም «ከአያትሽ ጋር ቅዳሜ ለምሳ እንድትገኙ፣ አያትሽም የክብር ብርድ ልብስ ይለብሳሉ» የሚል ካርድ መጣላት። ካርዱ ላይ የጽጌረዳ ሥዕል አለ። ዴልበርት ጽጌረዳውን ሲያየው ቆይቶ «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰም። እሷም ሌላ ቃል አልፈለገችም።

«እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ሱቅ ነኝ፤ ከዚያ በቀጥታ እመጣለሁ» አለችው ሸሚዙን እያለበሰችው። «ሰው ፊት ነገር እንዳትፈልግ።»

«መቼ ነው ነገር ፈልጌ የማውቀው?»

የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ቅዳሜ ወደ ኮረብታው አውቶብስ አይወጣም፤ ኮረብታው ላይ የሚኖሩት አውቶብስ አያስፈልጋቸውም፣ ታች የሚኖሩት ደግሞ ኮረብታው ላይ ምን ጉዳይ አላቸው ተብሎ ነው። ዴልበርት በእግሩ ወጣ። ሃያ ስድስት ዓመት የእቶን እሳት የጠበቀበት ሳህን ፋብሪካ ከበስተግራው፣ መስኮቱ ሁሉ ተሰብሮ፣ ከወንዙ ጋር ተፋጦ ቆሟል። የማኅበሩ ቤት ነጭ ዓምድ ያለው፣ በቀይ ጡብ የተሠራ ቤት ነው፤ ሣሩ የተከረከመው እንደ ወታደር ፀጉር ነው። በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ስም እየጠየቁ ወረቀት ደረት ላይ ይለጥፋሉ። የራሳቸው ደረት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት የለም፤ ከትከሻቸው እስከ ሆዳቸው የሚወርድ ሪባን ያደርጋሉ፣ ሪባኑ ላይ ትንንሽ የወርቅ ሰሌዳዎች ይደረደራሉ። እያንዳንዷ ሰሌዳ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር በተደረገው ጦርነት የዘመተ አንድ ቅድመ አያት ናት። ሚስዝ ፔልሃም አሥራ አንድ ሰሌዳ አላቸው። ከሩቅ ሲታዩ ጄኔራል ይመስላሉ፣ ከቅርብም ጄኔራል ነኝ ብለው የሚያስቡ ይመስላሉ። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው የተኮሰውን ጥይት እሳቸው ደረት ላይ ለጥፈው ይዞራሉ፣ በሕይወት ያለው ዘማች ደግሞ ስሙን በእስክሪብቶ ጽፈው ይለጥፉለታል። ስሙንም «ዴልመር» ብለው ጽፈውት ነበር። አላረመም።

እውነቱን ለመናገር ሴቶቹ ሥራ ፈት አይደሉም። ለሁለት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ይገዛሉ፣ በክረምት ለዘማቾች መኖሪያ ካልሲና ሳሙና ይልካሉ፣ የሮስኮ ትሪምብልንም የላይ ጥርስ አስገብተውለታል። የሮስኮ ጥርስ ግን እስካሁን በሦስት ንግግርና በአንድ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ሮስኮ የባሕር ኃይል ነበር፤ ሰውነቱ ግዙፍ፣ ወሬው አይጠሬ። ዴልበርት አዳራሹ ጥግ አጠገቡ ሲቀመጥ ጥርሱን አሳየው።

«እየው፣ አሁንም ያበራል። በሳቅሁ ቁጥር የማኅበሩ ንብረት ነው የሚታየው።»

«የዛሬ ሦስት ዓመትም ስቀሃል።»

«በምን?»

«ተወው።»

ሮስኮ በእውነት አላስታወሰም። ዴልበርትን ከስድቡ እኩል ያናደደው ይህ ነው፤ እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ያመነዠከውን ነገር ሌላው ሰው ከሰላጣው ጋር ውጦት አልፏል። ወዲያው ለልምምድ ተጠሩ። ከሰማያዊ፣ ከቀይና ከነጭ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፉ ብርድ ልብሶች መድረኩ አጠገብ ተደርድረዋል፤ ሴቶቹ ሰባት ወር ሰፍተዋቸዋል ይባላል። ሁለት ሴቶች ከኋላ ያለብሳሉ፣ ዘማቹ ወደ ፊት ዞሮ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ዴልበርት የጨርቁን ጠርዝ በጣቶቹ አሸት አድርጎ አየው።

«ጨርቁ ሳይታጠብ ነው የተሰፋው» አለ ከሰፉት ሴቶች ለአንዷ። «መጀመሪያ ሲታጠብ ቀዩ ይለቅና ነጩ ሁሉ ሮዝ ይሆናል።»

«አይታጠብም የእኔ ወንድም፤ መታሰቢያ ነው» አለችው ሴትዮዋ፣ ልጅ እንደሚባበል።

የማይታጠብ ብርድ ልብስ ለምን እንደሚሆን ሊጠይቃት ሲል፣ ሚስ ኮራ ቤንትሊ ክንዱን ያዙት። ሚስ ቤንትሊ የማኅበሩ የዘር መዝገብ ያዥ ናቸው፤ ቀጭን፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ባል አግብተው የማያውቁ፣ ወረቀት ሲነኩ ነጭ ጓንት የሚያጠልቁ ሴት። እሳቸው ሰውን ሁሉ እርስዎ ይላሉ፣ የሞተውንም ጭምር። «ሚስተር ስቱኪ፣ ለአምስት ደቂቃ» ብለው ቤተ መጻሕፍት አስገቡትና በሩን ዘጉት። ክፍሉ የአሮጌ ወረቀትና የእንጨት ሰም ይሸታል። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩት መጻሕፍት ሁሉ እገሌ እገሌን ወለደ የሚሉ ናቸው። ዴልበርት ዘጠነኛ ክፍልን ሳይጨርስ ትምህርት ስላቋረጠ መጽሐፍ የበዛበት ክፍል ውስጥ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ጭኖቹ መካከል አደረገው።

«እኔ ሳላጣራ አላድርም፤ ክፉ ልማድ ነው» አሉ ሚስ ቤንትሊ። «ቅጹ የልደት ወረቀት አይጠይቅም ነበር። እኔ ግን አባል ስናስገባ ትውልድ በትውልድ ስለምናረጋግጥ፣ እጄ ለምዶ የሸልቢንም የእናቷንም ከማዘጋጃ ቤት አስመጣሁ። ሚስተር ስቱኪ፣ ሬኔ የእርስዎ የአብራክ ክፋይ አይደለችም።»

«ዋንዳን ሳገባ አራት ዓመቷ ነበር።»

«አዎ።»

«የጫማዋን ክር ማሰር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያጋባኋትም እኔ፣ ያፋታኋትም እኔ።»

«አውቃለሁ፤ መልካም አድርገዋል። የዘማቾቹ ድጎማ ደንብ ግን ከዘማቹ አብራክ ይላል። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።»

ለዴልበርት ሰኞ ታየው፤ የማቀዝቀዣው በር፣ ደብዳቤው፣ ባልዲው። ዋንዳን ካገባ አርባ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ማንም ይህን ነገር ከአፉ አውጥቶ አያውቅም፤ ጎረቤት አላለውም፣ ቄሱ አላለውም፣ ዋንዳ በተናደደች ጊዜ እንኳ አላለችውም። ያለችው ጓንት ያጠለቀች ሴት ነች፣ ያውም ማንም ሳይጠይቃት። ሚስ ቤንትሊ ግን ያዘኑ አይመስሉም። እንዲያውም ፊታቸው በርቷል። ሁለተኛ አቃፊ ከመሳቢያ አውጥተው ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አሁን ይህን ይመልከቱ። የሬኔ የልደት ወረቀት ላይ አባት ተብሎ የተመዘገበው ፌሪስ ኮይል ነው። የፌሪስ አባት ሐርላን፣ የሐርላን አባት ኤሞሪ፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድም ቀዳዳ የለበትም፣ እስከ ጆሳያ ኮይል ድረስ። ጆሳያ ኮይል ዘምቷል፣ ሚስተር ስቱኪ! አሥራ አንድ ሳምንት። የሠራዊቱን በሬዎች ነድቷል።»

«በሬ።»

«አገልግሎት ነው። ሸልቢ የመሥራች ዘር ናት ማለት ነው። ለመሥራች ዘር የሚሰጠው ድጎማ ደግሞ ሌላ ነው፤ የዘማቾቹ ለመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው የሚበቃው፣ ይሄኛው ትምህርቷን እስክትጨርስ ሙሉውን ይከፍላል። ሰኞ ጧት ቼኩን ለትምህርት ቤቱ እኔ ራሴ አደርሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ አውራጃ የሚመጥን ዘር ጠፍቶ ገንዘቡ ተቀምጦ ነበር።»

አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። ዋንዳና ፌሪስ ኮይል በሕግ አልተጋቡም፤ የልደት ወረቀቱም ላይ ስሙ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። ስለዚህ ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ ሰው መፈረም አለበት። ሚስ ቤንትሊ ወረቀቱን አዞሩለት። ዴልበርት ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ በሰው ፊት ማንበብ አይወድም፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አነበበው። ሬኔ የተወለደችው ከፌሪስ ኮይል መሆኑን አውቃለሁ ይላል። እኔ ፈራሚው ከተባለችው ሬኔም ሆነ ከተባለችው ሸልቢ ጋር ዝምድና የለኝም ይላል።

ፌሪስ ኮይልን በደንብ ያውቀዋል። ፋብሪካው ውስጥ ጭቃ የሚያቦካ ሰው ነበር፤ ለምልመላ ሲጠራ እግሬ ጠፍጣፋ ነው ብሎ ቀረ፣ በዚያው ጠፍጣፋ እግሩ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እስኪነጋ ይጨፍራል። ሬኔ ሰባት ወሯ ሳለ አንድ የጃንዋሪ እሑድ ዋንዳን በወንበር እግር መትቶ መንጋጋዋን ሰበራት፣ በማግሥቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ተሸክሞ ሸጠ፣ በብሩም ወደ ኬንታኪ ሄደ። ዋንዳ ስድስት ሳምንት መንጋጋዋ በሽቦ ታስሮ በመምጠጫ ቱቦ ሾርባ ጠጣች። እስክትሞት ድረስ ብርድ ሲሆን በግራ በኩል ማኘክ አትችልም ነበር። ዴልበርት ይህን ሁሉ ያወቀው ከፋብሪካ ሰው ነው፤ እሱና ዋንዳ ግን አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ የሰውየውን ስም ያነሱት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ወዲያው ሌላ ወሬ አምጥተዋል። ሸልቢ የምታውቀው ከዴልበርት በፊት አንድ ሰው እንደነበረና እንደሄደ ብቻ ነው። ሚስ ቤንትሊ ሰውየው መቼ ተወለደ፣ የት ሞተ፣ የት ተቀበረ ብለው ጠየቁት። ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አልጠየቁም፤ ቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ቦታ የለም።

«ልጅቷ ታውቃለች?»

«ዛሬ ድንገት ሰምታ ደስ እንዲላት ብለን ነው። ሚስዝ ፔልሃም ከምሳ በኋላ ያበሥራሉ።»

«ባልፈርምስ?»

«ያኔ የዘማቾቹም ይቀራል፣ ይሄኛውም ይቀራል።»

ዴልበርት ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ዝምድና የለኝም ይላል። የደም ዝምድና የለኝም በሉት። አንድ ቃል ነው የሚጨመረው።»

ሚስ ቤንትሊ ጎንበስ ብለው አዩትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ጠቆር አለ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፋት እንኳ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሳቸው ጊዜያቸውን ሁሉ ለሙታን ሰጥተዋል። «የታተመ ቅጽ ነው ሚስተር ስቱኪ» አሉ ቀስ ብለው። «በእጅ ከተነካ ዋናው መሥሪያ ቤት ይመልሰዋል፤ እንደገና እስኪመጣ ሦስት ወር ነው።»

ብዕሩን ተቀበለ። ስሙን ሲጽፍ እንደ ወትሮው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ተከላቸው። ሚስ ቤንትሊ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አሉበት።

ምሳው ሲጀመር ሸልቢ መጣች፤ የሱቁን ቀይ ሸሚዝ በሹራብ ሸፍናዋለች፣ ፀጉሯን መንገድ ላይ እንዳበጠረችው ያስታውቃል። ዴልበርት ብድግ አለ፣ ሊነግራት፣ በር ላይ ይዞ ቢያንስ ቀድሞ ሊነግራት። ሚስዝ ፔልሃም ግን ቀደሙት፤ ልጅቷን በወገቧ አቅፈው «የእኔ ቆንጆ፣ አንቺማ ከእኛ ጋር ነሽ» እያሉ ወደ ላይኛው ጠረጴዛ ወሰዷት። ሸልቢ ዞር ብላ ዓይኗን ወደ ዘማቾቹ ጠረጴዛ ወረወረች። ዴልበርት ቁጭ አለ።

«ልጅህን ወዴት ወሰዷት?» አለ ሮስኮ አፉ እንደሞላ።

«ወደ ዘመዶቿ።»

ሮስኮ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ጥርሱም አበራ። የዶሮ ሰላጣ ነበር፣ አሳማ የገባባት ትንሽ ዳቦ ነበር፣ ውስጡ ፍራፍሬ የተንሳፈፈበት አረንጓዴ የሚንቀጠቀጥ ጄሎ ነበር። የዘማቾቹ ጠረጴዛ ላይ የወረቀት ሳህን ቀርቧል፣ የላይኛው ጠረጴዛ ላይ ሸክላ። ሸክላውን ከሩቅ አወቀው፤ ጠርዙ ላይ ወርቅ የዞረበት የፋብሪካቸው ሥራ ነው፣ አሥር ሳህን እሳት ገብቶ ሰባቱ ብቻ በሰላም የሚወጣበት ዓይነት። ሸልቢ ከእሱ ላይ እየበላች ነው። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሴቶች እጇን እየያዙ፣ አፍንጫዋን እያዩ የሆነ ነገር ይባባላሉ፤ አፍንጫዋ ላይ በሬ የሚነዳ ሰው የሚፈልጉ ይመስላል።

ከቡናው በኋላ ሚስዝ ፔልሃም ማይክራፎኑን ጣታቸው ላይ ባለው ቀለበት ኳ ኳ አደረጉት። ስለ ትምህርት ተናገሩ፣ ስለ ዘማቾች ተናገሩ፣ የሮስኮን ጥርስ ለአራተኛ ጊዜ አነሱ። ከዚያ ሸልቢን አጠገባቸው አቁመው፣ ይህች ልጅ የዘማች የልጅ ልጅ ነኝ ብላ እንዳመለከተች፣ በሚስ ቤንትሊ ትጋት ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር እንደተገኘባት፣ የዚህ አገር መሥራች የሆነው የጆሳያ ኮይል ስምንተኛ ትውልድ መሆኗን፣ ይህንንም ሚስተር ስቱኪ ራሱ በፊርማው እንዳረጋገጠ፣ ትምህርቷም ሙሉ በሙሉ እንደተከፈለ አበሠሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሸልቢ አላጨበጨበችም፣ አልሳቀችም፤ የምትፈልገውን ፊት እስክታገኝ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ፈለገች። አገኘችው። ዴልበርት ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ፣ አዎ ተቀበይ ለማለት። ሴትዮዋ የዘረጉላትን ፖስታ ተቀበለች። ሚስዝ ፔልሃም ሹራቧ ላይ ትንሽ የወርቅ ሰሌዳ ሰኩላት፣ አንዲቷን፣ «ከዛሬ ጀምሮ እህታችን ነሽ» አሉና ሳሟት።

ብርድ ልብሱ ተከተለ። ሮስኮ ለበሰ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሰውን አሳቀ። ዴልበርት ሲጠራ ወደ መድረኩ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ከኋላው አለበሱት፤ በሜይ ሙቀት ከብዶት አንገቱ ላይ ላብ ወረደ። ሸልቢ ሁለት እርምጃ አጠገቡ፣ ከማይክራፎኑ ጎን ቆማለች፤ ሱቅ የዋለችበት የካርቶን ሽታ ይሸተዋል። ፎቶ ተነሳ። ሊወርድ ሲል ሚስዝ ፔልሃም ክርኑን ያዙት። ይህ ልምምዱ ላይ አልነበረም።

«ቆይ ዴልበርት፣ አታምልጠን። ዛሬ አንተ ለዚህች ልጅ ትልቅ ነገር ነው የሠራህላት» አሉ፣ ማይክራፎኑን ወደ እሱ እያዘነበሉ። «ሸልቢ እውነተኛ አያቷን በዓይኗ አላየችውም። ፎቶውም የለም። እዚህ ካለነው ፌሪስ ኮይልን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። እስቲ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ንገራት፣ እኛም እንስማ።»

ሚስ ቤንትሊ ሊጽፉ ብዕራቸውን አዘጋጁ። ዴልበርት ሚስዝ ፔልሃምን አያቸው፣ አሥራ አንዱን ሰሌዳ፣ የተቀባውን ከንፈር። ቃሉ ሁሉ አፉ ላይ ተሰልፎ ደርሷል፤ የወንበሩ እግር፣ መንጋጋው፣ ሽቦው፣ የስፌት መኪናዋ፣ ጠፍጣፋው እግር። አምስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ቢናገረው የሴቶቹ ሹካ ሁሉ በያለበት ይቀራል፣ ሚስዝ ፔልሃም ያን ከንፈር የሚያደርጉበት ያጣሉ፣ እስከ መቃብራቸውም ቀኑንና ሰዓቱን ያስታውሳሉ። ለዚህ ዓይነት ቀን ብሎ ሦስት ዓመት ኖሯል። ከዚያ ሸልቢን አያት። እሷ እንደ ሴቶቹ የምትጫወት አይደለችም፤ በእውነት ትጠይቀዋለች። ዓይኗ ፈጥጦ፣ አንገቷ ወደ እሱ ሰግጎ፣ ከማን እንደመጣች ልትሰማ ቆማለች፣ ሰሌዳዋ ደረቷ ላይ ነው። የሚናገረው ነገር ከሴቶቹ ላይ በሳምንቱ ይረግፋል፤ ከእሷ ላይ አይረግፍም፣ ፊቷን በመስታወት ባየች ቁጥር የዋንዳን መንጋጋ የሰበረውን ሰው ትፈልጋለች። ጥሩ ሰው ነበር ብሎ ቢዋሽ ደግሞ ዋንዳን መክዳት ነው።

«ዴልበርት?» አሉ ሚስዝ ፔልሃም። «ጠየቅንህ እኮ።»

ብርድ ልብሱን ከትከሻው አውርዶ አጠገቡ ባገኘው ወንበር ላይ አኖረውና ከመድረኩ ወረደ። በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲያልፍ ሰዎች ወንበራቸውን ጠጋ ጠጋ እያደረጉ መንገድ ለቀቁለት፣ ሮስኮ እጁን ሊይዘው ሞክሮ ተወው። አንዲት ሴት «ትዝታው በርትቶበት ነው፣ ምስኪን» ስትል ሰማ። በሩ ሲደርስ ሸልቢ ጠራችው፤ ማይክራፎኑ አፏ አጠገብ ስለነበር ድምፁ ከአራቱም ማዕዘን ወጣ፣ ጣሪያውን ሞላው፣ ውጭ ሣሩን የሚያጠጣው ሰው እንኳ ቀና አለ።

«አባባ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

በሩን ገፋ አድርጎ ወጣ፣ ሳይመልስላት ቁልቁለቱን ያዘ።